የአይጧ ግራ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለጋሼ፣

እንዴት ከርመዋል? ያ የሚያስቸግርዎ ሳልስ እንዴት ሆነ? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ሁለት ደብዳቤ ልከውልኝ አንዱንም ሳልመልስ መክረሜን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልል ነበር። እርስዎ ግን የሥራን ብዛት ከኔ የበለጠ ስለሚያውቁ ይህን ለእርስዎ ማለት አላምር አለኝ። ደብዳቤዎቹን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ መሳቢያውን መክፈት ፈርቼ ነው።

አሁን ምን ትሠሪያለሽ ላሉኝ፣ ያው አይጥ ነው። አገር ብቀይርም አይጥ አልለቀቀኝም። እዚህም ዕጢ የሚያመጣ ኬሚካል ይወጋሉ፤ ዕጢው ሲያድግ ይወጣል፣ ሰም ውስጥ ይቀመጣል፣ ከሽንኩርት ልጣጭ በቀጠነ ይቆረጣል፣ ቀለም ይቀባል። ከዚያ እኔ አንገቴን ማይክሮስኮፕ ላይ ደፍቼ እውላለሁ። የምቆጥረው ያኔ እዚያ እቆጥራቸው የነበሩትን ተከላካይ ሕዋሳት ነው፤ ባዕድ ነገር ሲያዩ ከደም ወጥተው የሚሰበሰቡትን። በቀለሙ ቡናማ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። ማታ ዓይኔን ስጨፍን ሳይቀር ይታዩኛል። ክፍሌ ሰፊ ነው፣ መስኮት አለው፣ ወንበሩ ይሽከረከራል። እርስዎ ቢያዩት "ይሄ ወንበር ነው ወይስ ዥዋዥዌ?" ይሉኝ ነበር።

ያን ጊዜ አይጦቹን ስትከፍቺ በሆዳቸው ነበር በጀርባቸው ያስተኛሻቸው ብለው ለጠየቁኝ፣ እውነቱን ለመናገር ትዝ አይለኝም። ሁለት ዓመት አለፈው።

ጋሼ፣ ስለዚያ ሪፖርት እስከ ዛሬ አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። የእርስዎ መዝገብና እኔ ጠረጴዛ ላይ ያየሁት አልገጥም ሲል "ተንከባካቢው እንስሳቱን ሳያይ ጽፏል" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከአይጦቹ ክፍል ወጥተው እጥበት ክፍል የገቡት በዚያ ዓረፍተ ነገር ነው። የሆነው ሁሉ በጣም ያሳዝነኛል።

ልጅዎ እንዴት ናት? ሥራ ያዘች?

አክባሪዎ፣
የአይጥ ሐኪሟ


ጥቅምት 26

ለአይጥ ሐኪሟ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ሳሌ ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት ይጎበኘኛል፣ ቁርስ ሳይቀርብለት ይሄዳል፤ ከዘመድ ይሻላል።

እጥበት ክፍሉን ካነሳሽው፣ ምድር ቤት ነው፣ ከማሞቂያው ጎን። መስኮት የለውም። ሁለት የእጥበት ማሽን አለ፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ እንዲሁ ቆሞ ያየናል። ከላይ ከአይጦቹ ክፍል ሳጥኖቹ ከነሰጋቱራቸው በጋሪ ይመጣሉ። ሰጋቱራውን እጠርጋለሁ፣ ሳጥኑን አጥባለሁ፣ የውሃ ጠርሙሶቹን አጥባለሁ፣ በጋሪ እመልሳለሁ። የአይጦቹ ክፍል ከነሽታው ይናፍቀኛል። የሚገርምሽ እዚያ ሳለሁ ሽታው ነበር የሚያማርረኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትደንግጪ። በታኅሣሥ መጨረሻ ጡረታ እወጣለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላኝ። ሰው ሲወጣ የአገልግሎት ወረቀት ይሰጠዋል። የኔ ተረቅቋል። ጸሐፊዋ አነበበችልኝ። "እንስሳቱን ሳያይ መዝገብ በመሙላቱ ከሥራ መደቡ የተነሳ" ይላል። አንባቢዋ እሷው ናት ያፈረችው፤ ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። በየሳምንቱ አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ ሆዳቸውን በጣቴ እየዳሰስኩ ነው የጻፍኩት። እንኳን ሳላይ፣ ሳልደግም ጽፌ አላውቅም። ያንን ወረቀት ይዤ ቤቴ መግባት አልፈልግም። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ትዝ አይለኝም ብለሻል። ደግ። አንቺ ብትረሺ እጅሽ አይረሳም። ነገ እዚያው አንዷን አይጥ ስትከፍቺ ልብ በይ። በሆዷ ነው በጀርባዋ? ግራ ጆሮዋስ ባንቺ በየት በኩል መጣ? ይህቺን ብቻ ጻፊልኝ።

ጋሼሽ


ኅዳር 7

ጋሼ፣

ሰላምታ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩት። ጤናዎን የምጠይቅበት ፊት የለኝም።

በጀርባቸው ነው። ያኔም በጀርባቸው፣ አሁንም በጀርባቸው። ሆዳቸው ወደ ላይ፣ ራሳቸው ከኔ ራቅ ብሎ፣ አራቱ እግራቸው ቡሽ ላይ በመርፌ ተይዞ። አይጧ እንዲህ ስትተኛ ግራ ጆሮዋ በኔ ቀኝ በኩል ይመጣል። ትዝ አይለኝም ያልኩዎት ውሸት ነበር።

እርስዎ ከኔ በፊት እንደደረሱበት ከጥያቄዎ ገብቶኛል። ቢሆንም በእጄ ጽፌ እንዲያገኙት እፈልጋለሁ። አይጦቹ አሥራ አምስት ነበሩ። ቁጥራቸው የሚነበበው ጆሯቸው ላይ በተበሳው ቀዳዳ ነው፤ ቀኝ ጆሮ አንድ ቤት፣ ግራ ጆሮ አሥር ቤት፣ በአንድ ጆሮ ከሦስት ቀዳዳ አይበልጥም። እርስዎ ከኋላ ማጅራቷን ይዘው ስለሚያነቡ የእርስዎ ግራና የአይጧ ግራ አንድ ነው። እኔ በጀርባዋ አስተኝቼ የራሴን ግራ አነበብኩ። የእርስዎ አሥራ ሁለት ቁጥር እኔ ጋ ስትደርስ ሃያ አንድ ሆነች። የእርስዎ ሦስት ሠላሳ ሆነች። መዝገብዎ "12፣ ሆዷ ንጹሕ" ይላል፤ እኔ 12 ነው ያልኳት አይጥ ግን የምስር ፍሬ የሚያህል ዕጢ ነበራት። እሷ የእርስዎ 21 ነበረች። እንዳናጣራ ደግሞ ከሥራው በኋላ ሬሳቸው ተቃጥሏል፤ የቀረን ሰም ውስጥ ያስቀመጥነው ዕጢ ብቻ ነው፣ እሱም የኔ ቁጥር ተለጥፎበት።

ከአሥራ አምስቱ ሦስት ገጠሙ፤ 11፣ 22 እና 33። ከየትም ቢያነቧቸው አንድ ናቸውና። የዚያው ቤተ ሙከራ ኃላፊ ያኔ "የሚዋሽ ሰውም አንዳንዴ ይገጥምለታል" ብሎ ሲስቅ አብሬው ሳቅኩ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ያ ሳቄ ነው።

መቼ እንዳወቅኩ መናገር ከበደኝ። በመጋቢት ነው። እዚህ በመጣሁ በዓመቴ ገደማ ግድግዳው ላይ አዲስ ሥዕል ለጠፉ፤ የአይጥ ራስ ነው፣ ከአንዱ ጆሮ ሥር በቀይ "የእንስሳው ግራ" ተብሎ ተጽፏል። ጓንት እያጠለቅኩ አየሁት። አንዱን እጄን አጥልቄ ሌላውን ሳላጠልቅ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ቢሮዬን ዘግቼ የድሮውን ቆጠራና የመዝገብዎን ቅጂ አወጣሁና የኔን ቁጥሮች ግራ ለቀኝ ገለበጥኩ። አሥራ አምስቱም ከመዝገብዎ ጋር ገጠሙ። ምስር ያሉት ምስር ነው። አተር ያሉት አተር ነው። "አጠራጣሪ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይታይ" ያሏትም እንኳ በማይክሮስኮፕ ስትታይ ገና የምትጀምር ዕጢ ናት።

ቆጠራውም ትርጉም አገኘ። ተከላካይ ሕዋሳቱ እንዲቀንሱ መርፌ የወጋናቸው አይጦች ዕጢያቸው ትንሽ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም። ያልተወጉት ላይ ሕዋሳቱ ዕጢውን ጥቅጥቅ ብለው ከበውታል፣ ዕጢውም ትልቅ ነው። ሊያጠፉት መጥተው ሳያሳድጉት አልቀሩም። ከሸፈ ብለን የጣልነው ጥናት አልከሸፈም ነበር፤ ያዳነውም የእርስዎ መዝገብ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ስምንት ወር ዝም አልኩ።

አሁን ደግሞ የባሰውን ልጻፍ። እዚህ ቋሚ ሠራተኛ ልሁን አልሁን የሚወስነው ኮሚቴ በጥር አጋማሽ ይሰበሰባል። ለኃላፊው እጽፋለሁ፣ ቃሌ ነው። ግን እስከ ጥር መጨረሻ ቢታገሱኝ? የአገልግሎት ወረቀቱ ከወጡም በኋላ ሊታረም ይችላል ብዬ ነው። እባክዎ ይፍቀዱልኝ።

መፈረም አቃተኝ። ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ።


ኅዳር 20

ለአይጥ ሐኪሟ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ይፍቀዱልኝ ብለሻል። አልፈቅድም፣ አልከለክልምም። የኔን ስም በኔው ፈቃድ ልታቆዪው መፈለግሽ ገርሞኛል።

ከመቼ ጀምሮ ያውቁ ነበር ብለሽ በስልክ መልእክት ላክሽብኝ። በሦስተኛው ቀን። እጥበት ክፍል በገባሁ በሦስተኛው ቀን። ሳጥን እያጠብኩ፣ እነዚህ የገጠሙት ሦስቱ ከሌሎቹ ምን ለያቸው እያልኩ ሳሰላስል 11 ቁጥር ዓይኔ ላይ መጣች። ሳጥኑን እንዳረጠብኩት ጥዬው ወጣሁ። ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ፤ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። በማግስቱ ሄድኩ፤ ስብሰባው አላለቀም። በሳልስቱ አገኘሁት። መዝገቤን ዘርግቼ አሳየሁት። "ጋሼ፣ ግራና ቀኟን የማትለይ ተመራማሪ አለች እያሉኝ ነው?" አለኝና መዝገቡን እሱው ዘጋልኝ። በሩ ላይ የነበሩት ሳቁ። ምን ያድርጉ፣ አለቃ ቀልዷል።

ለምን ለኔ አልነገሩኝም ላልሽው፣ መጥቼ ነበር። ሻንጣሽን እያሰርሽ ነበር። ገና ከበሩ ሳልገባ "ጋሼ፣ ልሄድ ነው" ብለሽ አቀፍሽኝ። ያቀፈኝን ሰው ምን ብዬ ልክሰስ? ዞሬ ሄድኩ።

አንዲት ነገር የኔም ጥፋት አለባት። መጀመሪያ ቀን የጆሮ መብሻውን ይዤ "የማን ግራ?" ብዬሽ ነበር። "ግራ ያው ግራ ነው ጋሼ፣ እባክዎ ግራ አያጋቡኝ" ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅኩና ዝም አልኩ። ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ይህቺን ድርሻዬን እወስዳለሁ። ሌላውን አልወስድም።

ስለ ሕዋሳቱ የጻፍሽው አስደንቆኛል። ሊጠብቁ መጥተው ዕጢውን ያሳድጋሉ? እንዲህ ያሉ ሰዎች አውቃለሁ። አንዳንዶቹ ሲሰናበቱ ያቅፋሉ።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለጋሼ፣

ልኬዋለሁ። ለኃላፊው፣ ያን ሪፖርት ለፈረሙት ለሁሉም፣ ለሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉም ግልባጭ አድርጌ። አሥራ አምስቱንም አይጦች በአንድ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ፤ የእርስዎ ንባብ፣ የኔ ንባብ። ግልባጩ ከዚህ ጋር አለ።

አራት ጊዜ ነው የጻፍኩት። የመጀመሪያው "በንባብ ሂደት ስህተት ተፈጽሟል" ይል ነበር። ማን እንደፈጸመው አይልም፤ ስህተቱ በራሱ እግር መጥቶ የተፈጸመ ይመስላል። ቀደድኩት። በሁለተኛው "ተሳስተናል" አልኩ። "ን" ከየት መጣች? እርስዎ አልተሳሳቱ። በሦስተኛው "ተሳስቻለሁ" አልኩና ፖስታውን አሸግኩት። ሰው ይሳሳታል፣ ማንም በዚህ አይፈርድብኝም። ይህን እያሰብኩ ልቤ ቅልል ሲለኝ ያዝኩት። ለምን ቀለለው? ፖስታውን ከፍቼ አራተኛውን ጻፍኩ፤ "ተሳስቻለሁ፤ ስህተቴን ካወቅኩም በኋላ፣ በእኔ ጥፋት ሰው እንደተቀጣ እያወቅኩ ስምንት ወር ዝም ብያለሁ።" ይህቺ ናት የሄደችው።

ደፍሬ አይምሰልዎ። ቢከለክሉኝ ይቀለኝ ነበር፤ ተከልክዬ ነው የጻፍኩት እል ነበር። ቢፈቅዱልኝም ይቀለኝ ነበር። ያቺ መልስዎ ግን መሸሸጊያ አሳጣችኝ። ምሳ ስበላ አብራኝ ናት፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ስቀመጥ አብራኝ ናት። አሥር ቀን ሙሉ ሕዋስ እየቆጠርኩ መሐል ላይ ስንት እንደደረስኩ ይጠፋኛል፤ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

እዚህ ላለችው አለቃዬም ነገርኳት። "ሰውየው አሁን የት ነው?" አለችኝ። እጥበት ክፍል አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ስሜን ከጥር ኮሚቴ ዝርዝር አውጥታዋለች። አልፈርድባትም። አሁን ኮሪደር ላይ ሳገኛት ሰላም የምትለኝ ጫማዬን እያየች ነው፤ ወይም እኔ ነኝ ጫማዋን የማየው።

ጋሼ፣ ምን እንዳሉዎት ይጻፉልኝ። ወረቀቱን አረሙት? ወደ አይጦቹ ክፍል አስገቡዎት? ልጅዎስ እንዴት ናት? እሷን በጠየቅኩ ቁጥር ዘለው ያልፉኛል። ተቀይመውኝ እንጂ ረስተውት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ መጻፍ ፈርቼ ነው እስከዚህ ያንዛዛሁት። ይቅር ይበሉኝ።

ያጠፋሁብዎ


ጥር 4

ለአይጥ ሐኪሟ፣

ወረቀቱ ታርሟል። "ሠላሳ አንድ ዓመት በትጋትና በጥንቃቄ አገልግሏል" ይላል። "በጥንቃቄ" የምትለዋን ጸሐፊዋ ናት የጨመረቻት፣ ማንም አላዘዛት።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ኃላፊው ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። "ማሕደርዎ ላይ የነበረው ተሰርዟል፤ ነገሩን ባናጋንነው ለሁላችንም ጥሩ ነው" አለኝ። የፊተኛው ሪፖርት የተነበበው ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው፣ ይሄም እንደዚያው ይነበብ አልኩ። አዳራሹ ተይዟል አለ። እንግዲያው እጥበት ክፍል ይሁን፣ እዚያ ሁልጊዜ ቦታ አለ አልኩት፤ ከወንበሩም አልተነሳሁለትም። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ይዞ መጣ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በሳጥኖቹ መሐል ተጣብበው ቆሙ። ማሽኑ እየጮኸ ማንበብ ጀመረ። ማሽኑ ይጥፋና ከላይ ይነበብ አልኩ። አጠፉት። ስምንት ወር የምትለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። እዚያች ላይም ድገምልኝ ልለው ነበር፤ ተውኩት። ሲጨርስ ያኔ በሩ ላይ ከሳቁት አንዱ መጥቶ እጄን ጨበጠኝና ቶሎ ወጣ።

የአይጦቹን ክፍልም ከፈቱልኝ፤ ለስንብት ነው። ገብቼ በሳጥኖቹ መሐል አንድ ጊዜ ዞርኩ። ማንንም አላነሳሁም። ወጣሁ።

አሁን ስለ ልጄ። ዘልዬሽ የማልፈው ስለተቀየምኩሽ አይደለም፤ ነገሩ የሷ ስለሆነ ነው። ዛሬ ተናገር ብላኛለች። አምና የአይጦቹ ክፍል ተንከባካቢ ሲፈልግ አመለከተች። ፈተናውን አንደኛ አለፈች። መጨረሻ ላይ "የማን ልጅ ነሽ?" አሏት። ነገረቻቸው። ፈታኙ ቀና ብሎ "እሱ ሳያይ የሚጽፈው?" አላት። በዚያው ቀረ። ሰሞኑን ኃላፊው ትምጣና እንያት ብሏል። አይተውኛል ብላ እምቢ አለች። እኔም አልጫናትም።

ሌላም ያልነገርኩሽ አለ። ያ ሙቅ ውሃና ያ ሳሙና ጣቶቼን ካደረቃቸው ዓመት ሊሞላ ነው። ማንኪያ እንደነገሩ እይዛለሁ፣ ብዕር አልይዝም። ዓይኔም ለደቃቅ ጽሕፈት ደክሟል። የደረሱሽን ደብዳቤዎች ሁሉ እኔ እየተናገርኩ የጻፈችው እሷ ናት። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ስለሆንኩ ጽሕፈታችን አይለይም። ያንቺም ሲመጣ ጮክ ብላ የምታነብልኝ እሷ ናት። "እስከ ጥር መጨረሻ ቢታገሱኝ" ያልሽውን ያነበበችልኝ እሷ ናት። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ "ምን ብዬ ልጻፍ?" አለችኝ። እኔ ልፈቅድልሽ ነበር። እድሜዋ ገና ነው፣ እንጀራዋ ይዘጋባታል፣ እኔ እንደሆን አርጅቻለሁ አልኩ። እሷ ግን "አልፈቅድም፣ አልከለክልምም በላት" አለችኝ። ያቺን መልስ የኔ አድርገሽ ይዘሻታል። የኔ አይደለችም።

ለኔ የጠየቅሽውን ይቅርታ ተቀብዬዋለሁ። ይህን ስናገር ብዕሯን አንስታ አየችኝ፤ ከዚያ ጻፈችው። ሰላምታ ጨምሪላት ብላት ግን አልጨመረችም። በሷ ቦታ ሆኜ ይቅር ልልሽ አልችልም። የሷን ለብቻው ጻፊላት። አድራሻው ያው ነው።